በረኪናውን ያስረዱኝ በአማርኛ ነው፦ «በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ግዴታ ይሁን» ላሉት ወንድሜ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወገናችን በአማርኛ የጻፉትን ጽሑፍ ጓደኛዬ ላከችልኝ። «አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ሠራተኛ በሥራ ሰዓት እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገር ሕግ ያስገድደው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በክፋት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው አሜሪካ ከገቡ ሃያ ዓመት የሞላቸው አክስት አሏቸው። ሴትየዋ ዛሬም ልጃቸው ካላስተረጎመችላቸው ሐኪም ማነጋገር አይችሉም። ይህ ጸሐፊውን ያንገበግባቸዋል። እኔንም ያንገበግበኛል።

መፍትሔያቸው ግን የሚጎዳው እኚያኑ አክስት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያነሷቸው ነጥቦች አምስት ናቸው። እንግሊዝኛ አሁን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ስለሆነ ሥራ ቦታም ይከተል። ቋንቋ የማይችል ሠራተኛ አደጋ ያመጣል። ሰው ፊት በአማርኛ ማውራት ነውር ነው። ሕግ ካስገደደው ሕዝባችን ይማራል። የእኛም አገር በአንድ ቋንቋ ነበር የምትሠራው። በየተራ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆኗል»

እውነት ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማርች 1 ቀን 2025 ትእዛዝ ፈርመዋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያወጡት፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ ሰዎች የመንግሥት አገልግሎት እንዲያገኙ የሚያዘው ትእዛዝም በዚያው ተሽሯል። ነገር ግን አዲሱ ትእዛዝ የሚናገረው ስለ ፌዴራል መንግሥት ነው። ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሠራተኛ በምን ቋንቋ ያውራ የሚል ነገር የለበትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንኳ በሌላ ቋንቋ የምትሰጡትን አገልግሎት አቁሙ አላላቸውም።

የግል ቀጣሪን የሚመለከተው ሌላ ሕግ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት በፊርማው ሊሽረው አይችልም። ይህ ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት በሥራ ላይ ማግለልን ይከለክላል። ሕጉን የሚያስፈጽመው የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን በ1980 መመሪያ አወጣ። ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ደንብ ሕግ እንደጣሰ ይገመታል ይላል። በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ግን ሥራው የግድ ካለ ቀጣሪው መጠየቅ ይችላል። ሠራተኛውም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እንግሊዝኛ አሁንም የሚጠየቅበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ሥራው ይፈልገዋል ወይ ነው። ጸሐፊው የሚፈልጉት ሕግ ይህን ጥያቄ ያጠፋዋል።

ያሰቡት ዓይነት ሕግ ተሞክሮም ያውቃል። በ1988 የአሪዞና ሕዝብ በጠባብ ልዩነት ድምፅ ሰጥቶ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሠሩ የሚያዝ አንቀጽ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። ማሪያ ኬሊ ኢኒጌዝ የምትባል የግዛቲቱ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ በመንግሥት ላይ የሚቀርቡ የካሳ ጥያቄዎችን ማስተናገድ ነው። ስፓኒሽ ለሚናገር ባለጉዳይ በስፓኒሽ፣ እንግሊዝኛ ለሚናገር በእንግሊዝኛ ታስረዳ ነበር። ሕጉ ሲወጣ ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ ስፓኒሹን ተወችው። ከዚያ ግን ከሰሰች። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። እዚያ እሷ ሥራውን ስለለቀቀች ሳይወሰን ቀረ። በ1998 በሌላ ክስ የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንቀጹን የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው።

አስቡት እስኪ። ሴትየዋ እንግሊዝኛ ትችላለች። ሕጉ ያስጣላት ለባለጉዳዩ የምታደርገውን እርዳታ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲም ብዙ ሐበሻ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት ዋና ዋና ሰነዶች በአማርኛም ይተረጎማሉ። አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ይፈለጋል። በጸሐፊው ሕግ ይህ ሠራተኛ መስኮቱ ጋ ለቆሙት እናት መልስ ሲሰጥ ሕግ ጣሰ ማለት ነው።

«ቋንቋ የማይችል ሠራተኛ አደጋ ያመጣል»

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ ሕይወቴ ነውና።

አሜሪካ እንደገባሁ ሥራ የጀመርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል፣ ሃውስኪፒንግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትሬኒንግ ሰጡን። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ጠርሙሶቹን እያነሳ በፍጥነት ተናገረ። «ጥያቄ አለ?» አለን። የለም አልን። ወረቀቱ ላይ ፈረምን። እኔ ከተናገረው ግማሹን አልያዝኩም። አብረውኝ የነበሩትም እንደዚያው ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሽንት ቤቱ ላይ አሲድ ያለበትን ማጽጃ አፍስሼበታለሁ። በላዩ ላይ በረኪና ልጨምርበት ስል ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። «ተይ! እሱን ከዚያ ጋር አትቀላቅይ፣ ያንቅሻል!» በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ በዚያ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። እጄን ይዘው ኮሪደሩ ላይ አወጡኝ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ያቃጥላል፤ ሰው ሊገድልም ይችላል። ያንን ቀን የተማርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። የተማርኩት ደግሞ በአማርኛ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሠራተኞች ክፍል ውስጥ ወረቀት ተለጠፈ። ፎቅ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳንም። እኚያ ሴት ሁለት ጊዜ ዋርኒንግ ተጻፈባቸው። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ዘጉ። በኋላ አዲስ ልጅ መጣች። አንድ ቀን ያንኑ ስህተት ሠራች። ጋዙ ጉሮሮዋን አቃጥሏት ሁለት ቀን ስታስል ሰነበተች። እኚያ ሴት ጠርሙሶቹን አይተው ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አየሁ፤ ግን ሦስተኛው ዋርኒንግ የሥራዬ መጨረሻ ነው» አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው መጣ።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብለዋል። አደገኛ ነገር ባለበት ቦታ የሚያድነው ሁለተኛው ነው።

ይህን የማስበው እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ቀጣሪዎች የደህንነት ትምህርትን ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና ቃል መስጠት እንዳለባቸው በ2010 በግልጽ አስታውቋል። ለደህንነት ሲባል ሕግ የሚጠይቀው ሠራተኛው እንዲገባው ነው።

ጸሐፊው የትራክ ሹፌሮችንና አብራሪዎችን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። በዚህ እስማማለሁ። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ አብራሪ ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር መግባባት አለበት። የትራክ ሹፌርም ምልክት ማንበብ፣ ለፖሊስ መመለስ አለበት። የፌዴራሉ ደንብ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ከሕዝብ ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለመረዳት፣ ለተቆጣጣሪ ጥያቄ ለመመለስና ሪፖርት ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ይህን የማያሟላ ሹፌር ከመንገድ እንዲወርድ ይደረጋል። ብዙ ወንድሞቻችን ትራክ ላይ ናቸውና ይህን በደንብ ይወቁት። ፈተናውን ከመውሰዳቸው በፊትም፣ ከወሰዱ በኋላም ያጥኑ።

ግን ልብ በሉ። ደንቡ የሚጠይቀው ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ሹፌሩ ጭነት እስኪወርድለት ከጓደኛው ጋር በምን ቋንቋ እንደሚያወራ አይጠይቅም። ጸሐፊው ያመጡት ምሳሌ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው።

«ሰው ፊት በአማርኛ ማውራት ነውር ነው»

አንድ ሰው አብሮን ምሳ እየበላ እሱን ትተን በአማርኛ ወሬ ብንሰልቅ ደግ አይደለም። ልጆቼንም እንዲህ እመክራለሁ። ነውር የሆነ ነገር ሁሉ ግን በሕግ አይከለከልም።

ጸሐፊው «ፍርድ ቤትም ለቀጣሪዎች ፈርዷል» ብለዋል። የትኛውን ፍርድ እንደሆነ አልጠቀሱም። እኔ ልጥቀስላቸው። በ1993 ስፐን ስቴክ በተባለ፣ ደቡብ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የሥጋ ውጤቶች ድርጅት ላይ የተሰጠው ነው። ድርጅቱ 33 ሠራተኞች ነበሩት። 24ቱ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። ሁለት ሠራተኞች ከጥቁር አሜሪካውያንና ከቻይና ዝርያ የሆኑ ሁለት ባልደረቦቻቸውን ዘር በሚነካ ቃል ሰድበዋል የሚል አቤቱታ ቀረበ። ድርጅቱም በሥራ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለድርጅቱ ፈረደ። ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ደንቡን ማክበር አይከብደውም ብሎ።

ይህ ፍርድ አለ፤ አልደብቀውም። ሆኖም ሁለት ነገር ልበል። ስድብ በየትኛውም ቋንቋ ስድብ ነው። የተሳደበው ሊቀጣ ይችል ነበር። የተደረገው ግን የሁለት ሰው ጥፋት በ24 ሰው ላይ እንዲወርድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። ያ የስፐን ስቴክ ደንብ እንኳ ምሳና ብሬክ ላይ በፈለጉት ቋንቋ ማውራትን ይፈቅድ ነበር። ጸሐፊው የጠየቁት ሕግ ያንን እንኳ አይለይም። ቀጣሪዎች በብዛት የሚጠቅሱት ፍርድ ካጸደቀው ደንብ በላይ ነው የጠየቁት።

«ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው መምረጥ ይችላል» የሚለው አነጋገር ከዚያ በፊትም ነበር። ብራውንስቪል፣ ቴክሳስ ውስጥ ስለተባረረ የእንጨትና የግንባታ ዕቃ ሻጭ ጉዳይ ሌላ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1980 ተመሳሳይ ነገር ወስኗል። ሰውየው የተባረረው የሥራ ባልደረባው ስለ አንድ ዕቃ ሲጠይቀው በስፓኒሽ «የለም» ብሎ ስለመለሰ ነው። ያውም የተቀጠረው በከፊል ስፓኒሽ ስለሚችል ነው። እነዚያ ዳኞች ስለ አንደበት የሚያውቁት ጥቂት ነበር ብዬ አምናለሁ። ጣታችንን በር ሲቀረቅርብን «ውይ እናቴ!» ነው የምንለው። መርጠን አይደለም።

በጊዜ ሂደት ሌሎች ፍርዶችም መጥተዋል። በ2000 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የስልክ ኦፕሬተሮች ኩባንያ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ሠራተኞቹን ስፓኒሽ ስለሚችሉ ቀጥሮ እርስ በርሳቸው በእረፍት ሰዓት እንኳ እንዳያወሩበት ስለከለከለ ነው። በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ የዴላኖ ሆስፒታል ከፊሊፒንስ የመጡ ሠራተኞቹ ላቀረቡት ክስ 975 ሺህ ዶላር ከፍሎ ታረቀ። እዚያ የቀረበው አቤቱታ ሌሎች ስፓኒሽ ሲያወሩ ዝም ተብሎ ፊሊፒናውያኑ ብቻ ይሰለሉ ነበር የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። በተግባር ግን የሚያስፈጽመው ሱፐርቫይዘር ነው። ማንን እንደሚሰማና ማንን እንዳልሰማ እንደሚያልፍ የሚወስነውም እሱ ነው።

«ሕግ ካስገደደ ይማራሉ»

ይህ የጸሐፊው ልብ ያለበት ነጥብ ነው። ስለ አክስታቸው የሚናገሩት እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያሉ እናቶችን አውቃለሁ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሆቴል ይገባሉ። ዘጠኝ ሰዓት ይወጣሉ። አንድ ሰዓት ማታ ቢሮ ሊያጸዱ ይሄዳሉ። በመካከሉ ምግብ ይሠራሉ፤ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣሉ። የአገር ቤት ዘመድ ደግሞ ወር ጠብቆ ይደውላል። የማታው የእንግሊዝኛ ክፍል የሚጀምረው እሳቸው መጥረጊያ ሲያነሱ ነው። እኚህ ሰው ሰነፍ አይደሉም። ሕጉ ሲመጣ ጊዜ አይሰጣቸውም። የሚሰጣቸው ተጨማሪ ፍርሃት ነው።

እኔ እንግሊዝኛ የለመድኩት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከኤልሳልቫዶር ከመጣች ሴት ጋር ነው። እሷ ስፓኒሽ ትደባልቃለች፣ እኔ አማርኛ። ያቃተንን በእጅ እንጨርሰዋለን። በሳምንት በሳምንት ቃላችን ይጨምር ነበር። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ሁለታችንም አንሶላችንን እያጠፍን ዝም አልን። ስህተት የሚያስቀጣ ሲሆን ሰው አይለማመድም።

በእውነት እንዲማሩ የሚፈልግ አገር በመጀመሪያ ያስተምራል። እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ዕብራይስጥ የተማሩት ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ በመንግሥት ወጪ ነው። ጀርመን ከ2005 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች በምታዘጋጀው የውህደት ኮርስ ብዙውን ጊዜ 600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት አለው። እዚህ ዲሲም ካርሎስ ሮዛሪዮን የመሰለ ለአዋቂዎች የተከፈተ ትምህርት ቤት አለ። ጸሐፊው ስለ እንዲህ ያለው ትምህርት መብዛት አንድ መስመር አልጻፉም። ይህ አሳዝኖኛል።

ሌላም ያላሰቡት ነገር አለ። «ማንኛውም ሠራተኛ» ካሉ የእኛም ቤቶች ይገባሉ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ምግብ ቤቶችና እንጀራ መጋገሪያዎች አሉ። አምስት ሴቶች ምጣድ ላይ ቆመው አብሲቱ እንዲጣል፣ እሳቱ እንዲቀነስ የሚነጋገሩት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። እነዚህን ሴቶች ሕግ ተላላፊ የሚያደርግ ሕግ ማንን ነው የሚጠቅመው? አብዛኞቹ አዲስ ሲገቡ የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ያገኙት እዚያ ነው።

«የእኛም አገር በአንድ ቋንቋ ነበር የምትሠራው»

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። አማርኛን ያገኘሁት ሳልለፋ ነው። ጸሐፊውም እንደዚያው ይመስለኛል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሸክም የተሸከምነው እኛ አይደለንም።

በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ነበር። ያ ማለት ለብዙ ኢትዮጵያዊ ምን ነበር? ገበሬው በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ገዛ መሬቱ በአስተርጓሚ መከራከር ነበረበት። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚችል ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፈው ሳይገባው ነው። የእኛ ክፍል ውስጥ ከገጠር የመጣ ልጅ ነበር። አማርኛው ሲሰበር ሁላችንም እንስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ። እዚያ ሠራተኞች ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና አላቸው ይላል። አማርኛ የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ ሆኖ ቀጥሏል። ከዚያ ወዲህ ስላለው ብዙ ክርክር አለ፤ እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ያለፈውን ግዴታ ለአዲስ ግዴታ ማስረጃ ማድረግ አይሆንም። የሰውን አፍ የማዘጋት ጉዳቱን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ መሆን ነበረብን።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚያነብ ሠራተኛ ይጠቅመዋል። ሥራ ቦታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ከተለጠፈ ደንቡ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚሠራ፣ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። ቀኑን ጻፉ። ዋርኒንግ ከተሰጣችሁ ኮፒውን ያዙ። ድርጅቱ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ለሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን ማመልከት ትችላላችሁ። ጊዜው 180 ቀን ነው፤ ግዛቱ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ካለው እስከ 300 ቀን ይረዝማል። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። እኚያ ሴትም አያውቁም ነበር።

ለጸሐፊው ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። እርስዎ ጥሩ ብዕር አለዎት። ቀጣሪዎች በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ከሥራ ሰዓት ሳይቀነስና ደሞዝ ሳይቆረጥ፣ እዚያው ሥራ ቦታ እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጻፉልን። አክስትዎ ያሉበትን ሆቴልም ሆነ ነርሲንግ ሆም ከዚያ ውስጥ ያስገቡት። እኔ እፈርማለሁ። ከእኔ ሺፍት አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ እነሱንም አምጥቼ አስፈርማለሁ። ደብዳቤውን በሁለቱም ቋንቋ ቢያደርጉት ደግሞ የሚፈርሙበትን ራሳቸው ያነቡታል።